«ስነካው ዝም ይላል»

ሁዳዴ ሲጋመስ፣ የደብረ ዘይት ሰሞን ነው ስልኬ የጮኸው። እትዬ ናቸው፣ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጡ፣ ዌብሳይታቸውን የሰራሁላቸው ሴትዮ። «ልጄ፣ አሜሪካ ያሉት ልጆች መክፈል አቃታቸው እኮ፣ አንዷማ ሶስት ቀን ሞክራ ተስፋ ቆርጣ ነው የጻፈችልኝ» አሉኝ። ምን ይላታል እትዬ ስላቸው «ምንም አይልም፣ ስነካው ዝም ይላል ነው የምትለው» አሉ።

ዝም ይላል። ዌብሳይት የሚሰራ ሰው ከደንበኛ ከሚሰማቸው ቃላት ሁሉ ይሄን የሚያህል ከባድ የለም። ኤረር ቢያወጣ ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ይልኩልሃል፣ አንተም ከሱ ተነስተህ ትፈልጋለህ። ዝም ያለ በተን ግን ፍንጭ አይሰጥም፣ ሰውየውም ስልኬ ይሆን ካርዴ ይሆን እያለ ራሱን ይጠራጠርና በመጨረሻ ትቶት ይሄዳል። ለፋሲካ የሚለበስ ቀሚስ ደሞ ሸማኔው ጋ ተሰርቶ፣ ጥለቱ ገብቶ፣ በልክ ተሰፍቶ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ተገኝቶ ነው የሚደርሰው፣ ሶስት ቀን መጥፋቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በኔ ኮምፒውተር ሞከርኩት፣ ይሰራል። በኔ ስልክ ይሰራል፣ በእትዬም ስልክ ይሰራል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ አይፎን ስላላት በቪዲዮ ደወልኩላት፣ እዛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ እዚ ሌሊት 10 ሰዓት። በባሏ ስልክ እያወራችኝ የራሷን ስክሪን ካሜራው ፊት ያዘችልኝ። ቀሚስ መረጠች፣ ልኬት ሞላች፣ አድራሻ ጻፈች፣ «ክፈል» የሚለውን አረንጓዴ በተን ነካችው። በተኑ ትንሽ ፈዘዝ አለ፣ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ፣ አለቀ። «አየኸው? በቃ ይሄው ነው» አለችኝ። አስር ጊዜ ያህል ነካችው፣ አስር ጊዜ ፈዘዝ ብሎ ተመለሰ።

ጥፋቱ የኔ ኮድ ነበር፣ እና ምን እንደሆነ ስረዳ ስለ ፖፕአፕ፣ ማለት አንድ ገጽ ከራሱ ላይ ስለሚከፍተው ሌላ ዊንዶው፣ የማስበው ነገር ሁሉ ተቀየረ፣ ለዛ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

ኮዴ የሚያረገው እንዲ ነበር። በተኑ ሲነካ መጀመሪያ የኛን ሰርቨር፣ ዌብሳይቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ትዕዛዙን መዝግቦ የክፍያ ድርጅቱን ይጠይቃል፣ ድርጅቱ ለዛች ትዕዛዝ ብቻ የሚሆን ሊንክ ይመልሳል፣ ከዛ በኋላ ነው ዊንዶው ዶት ኦፕን የሚባለው ትዕዛዝ ተጠርቶ የክፍያው ገጽ በሌላ ትንሽ ዊንዶው የሚከፈተው። ለኔ ይሄ ሁሉ አንድ ነገር ነው፣ ሰውየው ክፈል አለ፣ መክፈያው መጣ። ብሮውዘሩ፣ ማለት ገጹን የሚከፍተው ክሮም ወይ ሳፋሪ፣ ግን እንደዛ አያየውም። ብሮውዘሩ የሚያየው ጣት ነው። ሰው ስክሪኑን ሲነካ ወይ ማውሱን ሲጫን ለዛ ገጽ አጭር ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ፈቃዱ እያለ ዊንዶው ልክፈት ብትል ይከፍትልሃል፣ ፈቃዱ ካለፈ በኋላ ብትመጣ ማንም ሳይጠራው ራሱ ብቅ እንዳለ ማስታወቂያ ይቆጥርሃል። በክሮም ይሄ ፈቃድ 5 ሰከንድ ነው የሚቆየው። ሳፋሪ ደሞ ትዕግስቱ ከዛም በጣም ያንሳል፣ ሰርቨር ጠይቀህ እስክትመለስ አይጠብቅህም፣ አይፎን ላይ ደሞ ፖፕአፕ አግድ የሚለው ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው። ለዛ ነው የአክስቴ ልጅ ስልክ ዝም ያለው።

ይሄን ሳውቅ በቃ የአይፎን ጉዳይ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን 5 ሰከንድ የሚለው ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ቢሮ ያለው ዋይፋይ ላይ ሊንኩ በአንድ ሰከንድ ይመለሳል። ማታ ማታ ኔትወርክ ሲጨናነቅ፣ ዳታ ላይ ያለ ሰውስ? ክሮም ላይ ኔትወርኩን ሆን ብለህ የምታዘገይበት መሞከሪያ አለ፣ ስሎው 3ጂ አረኩትና በተኑን ነካሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት እያልኩ ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ሊንኩ መጣ፣ ዊንዶው አልተከፈተም፣ አድራሻው የሚጻፍበት ቦታ ቀኝ ጫፍ ላይ ፖፕአፕ ታግዷል የምትል ደቃቃ ምልክት ብቻ ወጣች። ያቺን ምልክት እኔ የማያት እዛ ትኖራለች ብዬ ስለማቅ ነው፣ ቀሚስ ሊገዛ የመጣ ሰው አያያትም።

ማለት እኔ የሰራሁት በተን ፈጣን ኔትወርክ ላለው ሰው ይሰራል፣ ቀርፋፋ ኔትወርክ ላለው ዝም ይላል። ቦሌ ያለ ቢሮ ውስጥ ይሰራል፣ ክፍለ ሀገር ሆኖ በዳታ የሚያዝ ሰው ላይ ዝም ይላል። እትዬ እዚ አገር ውስጥ ስንት ደንበኛ በዚ ምክንያት እንዳጡ ማወቂያ የለኝም፣ አገር ውስጥ ያለ ሰው አይጽፍም፣ ይተወዋል። ይሄ ከአይፎኑ ነገር በላይ አሳዘነኝ።

ብሮውዘሮቹ ግን ለምን እንደዚ ጥብቅ ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ዲቨሎፐር ካለ፣ ያኔ ስላልነበርክ ነው እለዋለሁ። እኔ ተማሪ ሆኜ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ እንገባ ነበር፣ በደቂቃ እየተከፈለ፣ ኮኔክሽኑ አንድ ፎቶ ከላይ ወደ ታች እየሳለ እስኪጨርስ የሚያስጠብቅ። ኢሜይል ልትከፍት ገብተህ አንድ ገጽ ስትነካ ሶስት ማስታወቂያ በሶስት ዊንዶው ይከፈታል፣ አንዱን ስትዘጋው ሌላ ይወልዳል፣ ሁሉም ያንኑ ቀጭን መስመር ይሻማሉ፣ ደቂቃው ይቆጥራል። ከሁሉም የሚብሰው ደሞ ከስር የሚከፈተው ነበር፣ ከያዝከው ገጽ ኋላ ተደብቆ ይጠብቅና ጨርሰህ ልትወጣ ስትል ነው የምታገኘው፣ ከየትኛው ሳይት እንደመጣ እንኳን አታቅም። ካፌውን የሚሰራው ልጅ እየዞረ ኦልት እና ኤፍ 4 አንድ ላይ ተጫኑ እያለ ያስተምር ነበር። ለሰላሳ ደቂቃ ከፍለህ አስሩን ዊንዶው ስትዘጋ ታሳልፋለህ።

ነገርየው ሲጀመር ግን ሰውን ለማስመረር ታስቦ አልነበረም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ ትራይፖድ የሚባል ሰው የራሱን ገጽ በነጻ የሚሰራበት ሳይት ነበር፣ እዛ ይሰራ የነበረው ኢታን ዙከርማን ነው ማስታወቂያን በራሱ ዊንዶው የሚከፍተውን ኮድ የጻፈው። ምክንያቱ ማስታወቂያ ሰጪዎች ናቸው፣ ስማችን ሰው በጻፈው ነውረኛ ገጽ ላይ ተለጥፎ እንዳይታይ ብለው ተጨነቁ፣ እሱም እሺ ማስታወቂያው ከገጹ ተነጥሎ ለብቻው ይከፈት አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ዘ አትላንቲክ መጽሔት ላይ ታሪኩን ጽፎ ይቅርታ ጠይቋል። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ሰውየው ክፉ ስላልነበረ ነው። የሚከፍለው ሰው የጠየቀውን ችግር ፈታ፣ ገጹን የሚያነበው ሰው ግን ስብሰባው ውስጥ አልነበረም።

ከዛ መልሱ መጣ። ከብሮውዘሮቹ ኦፔራ በ2000 እ.ኤ.አ. ፖፕአፕ በማገድ ቀደመ፣ ሞዚላ ተከተለ፣ ሳፋሪ በ2003 ሲወጣ ማገጃውን ይዞ ነው የወጣው። ግን አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ስለነበር ነገሩን የቆረጠው ነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 የሚባለው አፕዴት ነው፣ ኤክስፕሎረሩ ማገጃው በርቶ መጣ። ፋየርፎክስ 1.0 በዛው አመት ህዳር ላይ ተለቀቀ። እኛ ካፌ ያሉት ኮምፒውተሮች አፕዴት የተደረጉት ዘግይተው ነው፣ ግን የተደረጉ ቀን ልዩነቱን ለማወቅ ማንም ሊነግርህ አያስፈልግም ነበር፣ ጸጥ አለ።

ጸጥታው ግን ዲዛይኑን ሌላ ቦታ ወሰደው። ማስታወቂያው አልሞተም፣ ገጹ ውስጥ ገባ። ዊንዶው መክፈት ከተከለከለ ገጹ ላይ ራሱ ሳጥን ስሎ ጀርባውን ማጨለም ማንም አይከለክልም፣ ምክንያቱም ለብሮውዘሩ ያ ሳጥን እንደ ማንኛውም ጽሁፍ የገጹ አካል ነው፣ የትኛው ሰውየው የጠየቀው፣ የትኛው ሳይጠየቅ የመጣ እንደሆነ ሊለየው አይችልም። ዛሬ ዜና ልታነብ ገብተህ ሁለት መስመር ሳትጨርስ ኢሜይልህን ስጠን የሚልህ ሳጥን የዛ የፖፕአፕ ልጅ ነው። እንደውም የድሮው ቢያንስ የራሱ መዝጊያ ነበረው፣ ኮምፒውተሩ የሰጠው፣ ሁሌ አንድ ቦታ ያለ። የአሁኑን መዝጊያ የሚስለው ዲዛይነሩ ነው፣ ስለዚ ደቃቃ ግራጫ ኤክስ አርጎ ጣት የማይደርስበት ጥግ ላይ ማረግ ይችላል፣ ትንሽ ስክሪን ባለው ስልክ ላይ ጭራሽ ከስክሪኑ ውጪ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጎግል ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞባይል ላይ ጽሁፉን የሚሸፍን ሳጥን ያለባቸውን ገጾች ፍለጋ ላይ ዝቅ እንደሚያረግ አሳወቀ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የካቲት ደሞ ክሮም ራሱ በጣም የሚያስቸግሩ ማስታወቂያዎች ያሉባቸው ሳይቶች ላይ ማስታወቂያ ማገድ ጀመረ። ረድቷል፣ ግን አልጨረሰውም።

ሌሎቹ ደሞ የጣቱን ህግ ራሱን መጠቀሚያ አረጉት። ኳስ በነጻ ወይ ፊልም በነጻ የሚሉ ሳይቶችን ታቋቸዋላችሁ፣ የትም ብትነኩ፣ ባዶ ቦታም ቢሆን፣ ሌላ ታብ ይከፈታል። ጣትህን ሰርቀው ነው፣ ፈቃዱን ያገኙት ካንተ ነው፣ ያዋሉት ለሌላ ነገር ነው። ለዛም ነው አሁን አንድ ንክኪ አንድ ዊንዶው ብቻ የሚከፍተው፣ አንዱ እንደተከፈተ ፈቃዱ ያልቃል። ይሄ እኔንም ነክቶኛል፣ እትዬ ደረሰኙና የልኬት ወረቀቱ ባንድ ጊዜ ይከፈትልኝ ብለውኝ ነበር፣ አንዱን ለደንበኛው አንዱን ለሰፊዋ፣ ሁለተኛው ሁሌ ይታገዳል። በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ አርጌ ፕሪንት ሲባል በሁለት ወረቀት እንዲወጣ አረኩት፣ እና ከድሮው ሀሳባችን እሱ ይሻላል።

እዚ ጋ የምቆጣበት ነገር አለ። ብዙ ቢሮዎች ሳይታቸው ሲታገድባቸው የሚወስዱት መፍትሄ ሳይቱን መቀየር አይደለም፣ ተጠቃሚውን ማዘዝ ነው። እባክዎ የፖፕአፕ ማገጃዎን ያጥፉ ብለው በፎቶ አስደግፈው ይለጥፋሉ። አንድ ጊዜ አባቴን ለአንድ ፎርም አብሬው ስሞላ ይሄንኑ አገኘን፣ ማገጃውን ለዛ ሳይት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንዲያጠፋ ነው መመሪያው የሚለው። ፎርሙ ተሞላ፣ እና አባቴ ማገጃው እንደጠፋ ሳያቅ ኮምፒውተሩን ስንት ወር እንደዛው ተጠቀመበት፣ ቫይረስ አለብህ እዚህ ደውል የሚል ዊንዶው ሲመጣበት ደንግጦ ጠራኝ። ሰው በሩን ከፍቶ እንዲተኛ የሚያስተምር መመሪያ ነው ይሄ። የዲዛይን ስራውን ራሳቸው መስራት ሲገባቸው አንድ ሽማግሌ ላይ ጫኑት።

ወደ እትዬ ሳይት ልመለስ። መጀመሪያ የሞከርኩት ብዙ ሰው የሚመክረውን ነው፣ ጣቱ እንዳረፈ ወዲያው ባዶ ዊንዶው ትከፍታለህ፣ ፈቃዱ ሳያልፍ፣ ከዛ ሊንኩ ሲመጣ ዊንዶውን ወደዛ ትመራዋለህ። ይሰራል፣ ሳፋሪም ክሮምም አያግደውም። ግን ስሎው 3ጂ ላይ ስሞክረው ሰባት ሰከንድ ሙሉ ነጭ ባዶ ገጽ ነው የሚታየው። ካርዷን በእጇ ይዛ ነጭ ገጽ የምታይ ሴት ምን እንደምታረግ አስቡት፣ ትዘጋዋለች፣ እኔም እዘጋዋለሁ።

ሌላው ደሞ ቴሌግራም ነው። የእትዬ የአገር ውስጥ ደንበኛ አብዛኛው የሚመጣው ከቴሌግራም ቻናላቸው ነው፣ ፎቶ አይቶ ሊንኩን ነክቶ። ሊንክ አፕ ውስጥ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ሙሉ ብሮውዘር አይደለም የምታገኘው፣ አፑ ውስጥ የተሰካ አንድ መስኮት ነው። አንድሮይድ ላይ እንደዚ አይነቱ መስኮት፣ አፑን የሰራው ሰው ካልፈቀደለት በቀር ሌላ ዊንዶው መያዝ አይችልም። ስለዚ ሁለት ዊንዶው የሚፈልግ ዲዛይን ገና ከመነሻው አብዛኛውን ደንበኛ ረስቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ዊንዶውን ተውኩት። በዛው ታብ፣ ሙሉ ገጹ ወደ መክፈያው ይሄዳል፣ ከፍሎ ሲጨርስ ይመለሳል። እና አንድ ነገር ጨመርኩ፣ ሊንኩን የምንጠይቀው ሰውየው «ክፈል» ሲል ሳይሆን አድራሻውን ጽፎ «ቀጥል» ሲል ነው። የመጨረሻው ገጽ ሲመጣ ሊንኩ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፣ «ክፈል» የሚለው በተን መልኩ በተን ይሁን እንጂ ውስጡ ተራ ሊንክ ነው፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለው፣ ጃቫስክሪፕት የሚባለው የገጽ ኮድ የማያስፈልገው። ሰው በራሱ ጣት የነካውን ተራ ሊንክ የሚያግድ ብሮውዘር የለም።

በነጻ የተገኘ አይደለም ታዲያ። ገጹ ጥሎ ሲሄድ የያዘውን ሁሉ ይረሳል፣ የመረጠችው ቀሚስ፣ የደረት፣ የወገብ፣ የቁመት ልኬት፣ ሁሉም ሰርቨር ላይ በትዕዛዝ ቁጥር መቀመጥ ነበረበት፣ ሀሳቧን ቀይራ ወደኋላ ብትመለስ እንዳለ እንድታገኘው። እሱ ሶስት ቀን ወሰደብኝ። ግን ሲሰራ ያላሰብኩት ቀዳዳ ታየኝ፣ ድሮ መከፈሉን የምናቀው ትንሹ ዊንዶው ለዋናው ገጽ ተከፍሏል ብሎ ሲነግረው ነበር። ከፍላ ወዲያው ዊንዶውን ብትዘጋው፣ ወይ ስልኳ ቢጠፋ፣ ብሩ ተቆርጦ ትዕዛዙ እኛ ጋ አልተከፈለም ሆኖ ይቀራል። አሁን የክፍያው ድርጅት ሰርቨር በቀጥታ ለኛ ሰርቨር ነው የሚነግረው፣ የሰውየው ስልክ መሀል የለም። ይሄ ቀድሞም እንደዛ መሆን ነበረበት፣ ፖፕአፑ ነው ሸፍኖት የነበረው።

ሁሌ ፖፕአፕ ተዉ ማለቴ አይደለም። በጎግል አካውንት ግባ የሚለውን ስሰራ ለምሳሌ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያገኘሁት፣ ብሮውዘሮቹ አንዱ ሳይት ሌላው ሳይት ውስጥ ሆኖ የሚያስቀምጠውን ዳታ ለየብቻ ማጠር ስለጀመሩ አንዳንዱ ሎጊን በሙሉ ገጽ ሲሄድ ይበላሻል፣ በትንሽ ዊንዶው ነው የሚሻለው፣ ያኔ ዊንዶውን ጣቱ እንዳረፈ መክፈት፣ መሀል ላይ ምንም አለመጠበቅ። እና ካልተከፈተ ገጹ ላይ በግልጽ «ካልተከፈተልዎ እዚህ ይንኩ» የሚል ሊንክ ማስቀመጥ።

ገጹ ውስጥ የሚወጣ ሳጥንም ቢሆን ቦታ አለው። የልኬት ሰንጠረዡን በሱ ነው ያረኩት፣ ደረት የት ጋ እንደሚለካ ከስዕል ጋር፣ «እንዴት ልለካ?» የሚለውን ስትነኪ ብቻ የሚወጣ። ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳያሎግ የሚባለው ዝግጁ ሳጥን ሁሉም ዋና ብሮውዘሮች ውስጥ አለ፣ ኪቦርድ ላይ ኤስኬፕ ሲጫኑት ይዘጋል፣ ስክሪን በድምጽ የሚያነቡ አይነስውራን ሳጥን እንደተከፈተ ያቃሉ፣ እኛ በእጅ ስንስለው ይሄን ሁሉ እንረሳው ነበር።

እትዬ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። ለበዓሉ ሰው ገና ሲገባ እንኳን አደረሳችሁ የሚል ትልቅ ሳጥን ከቅናሹ ጋር እንዲወጣ ፈለጉ። አይሆንም እትዬ አልኳቸው። «ሰው እንዲያየው ነው እንጂ ልጄ፣ መልካም ነገር እኮ ነው የሚለው» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ክፋት የለውም። ስልካቸውን ተቀበልኳቸውና አንድ ሌላ ሱቅ ከፈትኩላቸው፣ ሳጥኑ ወጣ፣ ቀሚሱን ሸፈነው። መዝጊያውን ፈለጉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ እንደገና ፈለጉ፣ በስህተት ማስታወቂያውን ነኩትና ሌላ ገጽ ተከፈተ። ስልኩን መለሱልኝ። «እሺ፣ ከላይ በቀጭኑ ይጻፍ» አሉ። አሁን ከላይ አንድ መስመር ነው፣ ቀሚሶቹን አይሸፍንም።

የአክስቴ ልጅ በአዲሱ ስትሞክረው የደወለችልኝ እዛ ጠዋት ነበር፣ በዚ ጊዜ ስክሪኑን ማሳየትም አላስፈለጋትም፣ ከፍላ ጨርሳ ነው የደወለችው፣ ሳታስበው የእውነት አንድ ቀሚስ አዛ ነበር። ያቺ ሶስት ቀን የሞከረችው ደንበኛም እትዬ ራሳቸው ደውለውላት ተመለሰች፣ ቀሚሱ ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ደረሰላት፣ ለፋሲካ አልደረሰም።

የቀረኝ የሱቁ ኮምፒውተር ነው። እዛ ያ ደረሰኙ ያለበት ገጽ አሁንም በድሮው ፖፕአፕ ነው የሚከፈተው፣ እትዬ ለራሳቸው ሳይት ስለፈቀዱለት ይሰራል፣ አዲሷ ሰራተኛ የራሷን ላፕቶፕ ይዛ ስትመጣ ግን ትናንት ዝም ብሏታል። ቅዳሜ ሄጄ እቀይረዋለሁ።